ዘጠኝ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

እናቴ ቀጠሮ አታረፍድም። ለቅሶም ሆነ ሠርግ፣ ባንክም ሆነ ቤተክርስቲያን፣ ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትገኛለች። «ሰው አስጠብቆ ከመግባት በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ይሻላል» ትላለች። ስለዚህ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮዋ አለፋት ሲሉኝ መጀመሪያ አላመንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ (ስሙ ይቆየን) ቀጠሮ የሚያሳውቀው በስልክ መልእክት ነው። መልእክቱ ሲመጣ እኔ ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ስልኳን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። ልጁ አምስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውን ፊደል እየቆጠረ አነበበላት። «እማማ፣ ሐሙስ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ይላል።»

አልዋሸም። መልእክቱ ላይ ያለው ቁጥር 9 ነው። ከቁጥሩ ጎን ያሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት «ጠዋት» ማለት እንደሆኑ ግን ለልጁ ማን ይንገረው?

እናቴ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበረች። እንደ ልማዷ ቀድማ። የዓይን ክፍሉ ተዘግቷል። ተራዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «መልእክት አልደረሰዎትም እንዴ እናቴ?» ብላ ጠየቀቻት።

እናቴ ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ? «ደርሶኛል ልጄ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሌላ ቀጠሮ ተሰጣት። ከሦስት ወር በኋላ።

ለእኔ የነገረችኝ በሁለተኛው ቀን ነው፤ እሱንም እንደ ጥፋተኛ ልጅ ድምፅዋን ቀንሳ። በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ዓይኗ ባሰባት። ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ሲፈስ አታየውም። አንድ እሁድ ጀበናውን ለእህቴ አቀበለቻትና «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ቅጂ» አለቻት። እናቴ ጀበና ለሰው ስታሳልፍ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ቡናው አልወርድ አለኝ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በሆስፒታሉ ነው። ቀጥሎ ያንን ሥርዓት በሠራው ድርጅት። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ የቀጠሮ ሥርዓት ሲመረቅ እኔ ራሴ እዚያ ነበርኩ።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ የድሮ ዜናዬን ፈለግኩት። አገኘሁት። «ኅብረተሰቡን ከወረፋና ከእንግልት የሚታደግ ዘመናዊ አሠራር» ብዬ ጽፌያለሁ። በዜናው ውስጥ የተናገሩትን ሰዎች ቆጠርኩ። የተቋሙ ኃላፊ አሉ። ምክትላቸው አሉ። የሶፍትዌር ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አለ። የክብር እንግዳው አሉ። አንድ ታካሚ የለበትም። መልእክቱ በምን ቋንቋ እንደሚላክ አልጠየቅኩም። ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሚጻፍ አልጠየቅኩም። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ አነሳሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ጻፍኩ፣ ተከፈለኝ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሌላው ሰው ንጹህ ሆኜ አይደለም።

አንድ ጓደኛ አለኝ። ዲዛይነርም ነው፣ ዴቨሎፐርም ነው። ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል። በዚህ ሙያ ያላችሁ እንደምታውቁት ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ መልኩን ይሥላል፣ ሌላው ኮዱን ይጽፋል። ነገር ሲበላሽ ዲዛይነሩ «እኔ ያልኩትን አልሠራውም» ይላል፤ ዴቨሎፐሩ «እሱ የሳለው የማይሠራ ነው» ይላል። ጓደኛዬ ግን ሁለቱንም ስለሚሠራ የሚያሳብብበት ሰው የለውም። «ጥሩ ያደረገኝ እሱ ነው» ይላል እየሳቀ።

ደውዬ የእናቴን ታሪክ ነገርኩት። ስለ ቴክኖሎጂ ሰዎች አንድ የሚያቃጥል ጽሑፍ ልጽፍ እንዳሰብኩም ጨመርኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጻፍ። ግን ከመጻፍህ በፊት አንድ ሳምንት አብረኸኝ ዋል» አለኝ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክሊኒክ የታካሚ ምዝገባና ቀጠሮ ሥርዓት እንዲሠራለት ቀጥሮት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ተገናኘን። ላፕቶፕ አልያዘም። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ። «ኮምፒውተርህስ?» አልኩት። «እሱን ካወጣሁት ሰዎቹ እኔን ሳይሆን እሱን ነው የሚያዩት» አለኝ። ከካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አጠገብ በርጩማ ስቦ ቁጭ አለ።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስልሳ ዓመት የተጠጉ አባት ናቸው። ጋሼ ነው ሁሉም የሚላቸው። መጀመሪያ ቀን ፊታቸው አልፈታም። ኦዲተር መስሏቸዋል። ማክሰኞ ሻይ አዘዙለት። ረቡዕ ረሱት። ጓደኛዬ የሚፈልገው ይህንን ቀን ነበር። «ሰው ሥራውን እንደወትሮው የሚሠራው መኖርህን ሲረሳ ነው» አለኝ።

እኔም ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ጋዜጠኛ ነኝ፣ ማየት ሥራዬ ነው ብዬ የማስብ ሰው። ምንም አላየሁም ለካ።

አንዲት ሴት መጥታ ስሟን ነገረች። ጋሼ ከመደርደሪያው ካርዱን አወጡት። አባቷ ካርዱ ላይ «ኃይሉ» ተብለው ተጽፈዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሌላ ታካሚ አባት «ሀይሉ» ተብለው ተጽፈው አየሁ። ለጋሼ ሁለቱ አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ኃ እና ሀ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸው። በአንዱ ፈልጎ ካጣ «እንዲህ ያለ ታካሚ የለም» ይላል፤ አዲስ ካርድ ይከፈታል፤ የሴትዮዋ የአምስት ዓመት የደም ግፊት ታሪክ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ ጉዱ ይብሳል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ መዝጋቢ በዋይ ይጨርሰዋል፣ ሌላው በአይ። ጓደኛዬ ደብተሩ ላይ «ፍለጋው እንደ ጋሼ ያስብ» ብሎ ጻፈ።

ሌላ አዛውንት መጡ። ዕድሜ ተጠየቁ። «በጣልያን ጊዜ አልተወለድኩም፤ ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው» አሉ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና በግምት ጻፉ። አብዛኛው የኮምፒውተር ቅጽ ግን ግምት አያውቅም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ካልሞላህ አያሳልፍህም። ውጭ አገር ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 የሆነው ለዚህ እኮ ነው። ቅጹ ቀን ይፈልጋል፣ ሰውየው ቀኑን አያውቀውም፣ ጸሐፊው አንድ ብሎ ይሞላል።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን ሐሙስ ያየነው ነው። ጋሼ መሳቢያቸው ውስጥ አንድ የተጎሳቆለች ትንሽ ደብተር አለች። ጓደኛዬ ምን እንደሆነች ጠየቃቸው። የስልክ ደብተር ናት። ነገር ግን የታካሚዎቹ ስልክ አይደለም። የልጃቸው፣ የጎረቤታቸው፣ የሱቅ ባለቤቱ ስልክ ነው። ከየቁጥሩ ጎን ማስታወሻ አለ። «ይህ የምራታቸው ነው፣ ማታ ብቻ ይደወል።» «ይህ የሱቁ ነው፣ የበሽታውን ዓይነት አትንገር።»

ጓደኛዬ ያቺን ደብተር ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «አየህ፣ እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ብሠራው ኖሮ ስልክ ቁጥር የሚል አንድ ሳጥን አስቀምጬ አልፍ ነበር። ከዚያ የአንዲት ሴት የምርመራ ውጤት ለሰፈር ባለሱቅ ይላክ ነበር» አለኝ። አሁን ሥርዓቱ ውስጥ ከስልክ ቁጥሩ ሥር «ስልኩ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ።

ጋሼ በዚያ ክሊኒክ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ያችን ደብተር አሳዩኝ ያላቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩን። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ጋሼ ግን ሳይናገሩ የቀሩት የሚጠይቃቸው ስለጠፋ ነው።

ዓርብ ዕለት ጓደኛዬ የሥርዓቱን ገጾች በእርሳስ ወረቀት ላይ ስሎ መጣ። ኤ ፎር ወረቀት ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም። ጋሼ ፊት ዘረጋና «አሁን አንድ ታካሚ መጣ እንበል። በጣትዎ የት ይነካሉ?» አላቸው። ጋሼ በጣታቸው እየነኩ ሄዱ። መጨረሻው ላይ «አስገባ» የሚል በተን አለ። ጋሼ እሱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን ሰበሰቡ።

ዝምታ።

እኔ አላስቻለኝም። እጄን ዘርግቼ ላሳያቸው ስል ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን መታኝ። እሱ ራሱ ሁለት እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል።

ብዙ ቆይተው ጋሼ «ይህንማ አልነካም» አሉ። «ለምን?» «ሴትዮዋ ገና መች ከፈሉ? ተራቸውስ መች ደረሰ? እንዴት ብዬ ነው ዶክተሩ ጋ የማስገባቸው?»

እኛ «አስገባ» ስንል መረጃውን ነው። ክሊኒክ ውስጥ ግን «አስገባ» ማለት ታካሚውን ወደ ሐኪሙ ክፍል ማስገባት ነው። ጋሼ ስንት ዓመት ሙሉ በቀን ስንት ጊዜ ሲሰሙት የኖሩት ቃል ነው። ጓደኛዬ እዚያው በላጲስ አጠፋውና «መዝግብ» ብሎ ጻፈበት። ጋሼ ወዲያው ነኩት።

ስንወጣ «ብታሳያቸው ኖሮ ያልፉት ነበር» አለኝ። «ነገ ግን አንተ የለህም። እጄን ወደኋላ የማጣምረው ለዚህ ነው። ካላጣመርኩት እኔም አሳያለሁ።»

እዚህ ላይ ጓደኛዬን መልአክ እንዳላደርገው፣ ራሱ የነገረኝን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሰፈሩ እድር የወር መዋጮ መክፈያ አፕ ሠርቶ ነበር። በነጻ። ለእናቶቹ አስቦ ፊደሉን ትልቅ አደረገው። በእሱ ስልክ ሲያየው ያምራል። ችግሩ፣ የእናቶቹ ስልክ ትንሽ ነው። ፊደሉ ሲተልቅ «ክፈል» የሚለው በተን ከስክሪኑ በታች ወረደ። ገጹን በጣት ወደ ላይ መግፋት እንዳለባቸው ማንም አልነገራቸውም። ብሩን ጽፈው የከፈሉ መስሏቸው ስልካቸውን ዘጉ። በሁለተኛው ወር የእድሩ ጸሐፊ «ውዝፍ ያለባቸው» ብሎ ስም ጠራ። አንዲት እናት በሰው ፊት ስማቸው በመጠራቱ አፍረው ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እድር አልመጡም።

«እኔ እኮ ለእነሱ ነበር ያሰብኩት» አለኝ። «ማሰብ ብቻውን አይበቃም። ለሰው ማሰብና ከሰው ጋር መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።»

ይህን ሲለኝ ስለ አንድ ታዋቂ የምርጫ ወረቀት ያነበብኩት ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ፓልም ቢች በሚባል ካውንቲ፣ የምርጫ ኃላፊዋ ለአረጋውያን መራጮች አስበው የዕጩዎቹን ስም በትልቅ ፊደል አሳተሙ። ፊደሉ ሲተልቅ ስሞቹ አንድ ገጽ ላይ አልበቃ አሉ። ስለዚህ በግራና በቀኝ ገጽ ተከፈሉ፤ የሚበሳው ቀዳዳ መሐል ላይ ሆነ። አል ጎር በግራው ገጽ ሁለተኛ ስም ነበር፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ግን በቀኙ ገጽ ያለው የፓት ቡካናን ነው። የጎር ሦስተኛው ነበር። በዚያ ካውንቲ ከ19 ሺህ በላይ የፕሬዚዳንት ድምፆች ከአንድ ዕጩ በላይ ተበስቶባቸው ውድቅ ሆኑ። ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፉት፣ በፍሎሪዳም ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በ537 ድምፅ ልዩነት ነው። ወረቀቱ ውጤቱን ቀይሮታል አልቀየረውም የሚለው ክርክር እስከዛሬ አለ። ኃላፊዋ ግን ክፉ አላሰቡም። ለሽማግሌዎች ነበር ያሰቡት። ልክ እንደ ጓደኛዬ።

ዶናልድ ኖርማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዕለታዊ ዕቃዎች ዲዛይን ባወጣው መጽሐፍ ያነሳው አንድ ሐሳብ አለ። ሰው የሚገፋ በር ስቦ ሲያቅተው ራሱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የበሩ ነው ይላል። እናቴ መስኮቱ ላይ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ያለችው ለዚህ ነው። ስንት እናቶችና አባቶች ናቸው በየባንኩ፣ በየወረዳው፣ በየሆስፒታሉ ባልሠሩት ጥፋት ይቅርታ የሚጠይቁት? ደግሞ ይቅርታ ስለሚጠይቁ ሠሪው ጥፋቱን መቼም አያውቀውም። ለቅሬታ ሳጥን የሚጽፈው የተናደደ ሰው ነው። ያፈረ ሰው ዝም ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ወደ መልእክቱ ልመለስ። ሆስፒታሎችም ባንኮችም ለምን በእንግሊዝኛ እንደሚልኩ ጓደኛዬን ጠይቄው ነበር። ንቀት መስሎኝ ነበር። አንዱ ምክንያት የሒሳብ ጉዳይ ነው ለካ። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ዋጋውም የሁለት ይሆናል። ፊደላችንና ማሽን መቼም ታሪካቸው ረጅም ነው። በታይፕ ዘመን «ፊደሉ በዝቶ ለመኪናው አልተመቸም፣ ይቀነስ» የሚል ክርክር ነበር። እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች ታይፑን ለፊደሉ ለማመቻቸት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባና በየስልኩ ላይ መታየት ቻለ። አሁን የቀረው የ70ዋ ጣጣ ነው።

የክሊኒኩ ባለቤትም ይህንኑ አነሱ። «እንግሊዝኛው ይረክሳል» አሉ። ጓደኛዬ አልተከራከረም። ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣቸው።

«ሐሙስ ጥቅምት 6 ጠዋት 3 ሰዓት ዓይን ክፍል ይምጡ። ካርድዎን ይያዙ።»

ቁጠሩት። ክፍት ቦታው ሳይቀር 44 ነው። አማርኛ አንዱን ፊደል ከነአናባቢው ስለሚጽፍ ቦታ ይቆጥባል። «የተከበሩ ደንበኛችን» የሚለውን ማሽሞንሞን ከተውነው በአንድ መልእክት ዋጋ ይገባል። ከመላኩ በፊት ደግሞ ለጋሼ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ሰው ጮክ ብሎ ሲያነበው የሚያደናቅፍ ከሆነ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጅም ለጎረቤቱ ሲያነብ ይደናቀፋል» አለኝ። የእናቴን ታሪክ አልረሳውም ማለት ነው።

እንግዲህ «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ለደላው ነው» የምትሉ አላችሁ። እኔም ብዬዋለሁ። የሚከራየው ቤት አለው፣ ልጅ ያሳድጋል። ሌላው ድርጅት «በሦስት ሳምንት አስረክባለሁ» ሲል እሱ የመጀመሪያውን ሳምንት በርጩማ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ዋጋ ሲያቀርብ ያንን ሳምንት ለብቻው ጽፎ ያስከፍላል። አንዳንድ ደንበኞች «ይህቺን ሰርዛት፣ ቁጭ ብለህ ለማየት ነው የምንከፍልህ?» ይሉታል። ሰርዙ ካሉት ሥራውን ይመልሳል። በዚህ ምክንያት ሥራ ያጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለቤቱም አንዳንዴ እንደምትቆጣው አውቃለሁ።

የእሱ መልስ አጭር ነው። «ያቺን ሳምንት ወይ መጀመሪያ ላይ እኔ እከፍላታለሁ፣ ወይ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ይከፍላታል።» የእናቴ ሦስት ወር ማለት እሱ ነው። ሆስፒታሉ ያተረፈውን እናቴ ከፈለችው። በማንኛውም ሪፖርት ላይ ግን አይወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ አልሸሽግም። በመጨረሻው ቀን ጋሼ ጓደኛዬን ወደ ጎን ጠርተው «ልጄ፣ ይህ ነገር ሲገባ እኔን ያሰናብቱኛል?» አሉት። ይህን ጥያቄ ሰባቱንም ቀን ይዘውት ነበር ማለት ነው። ሚስጥራቸውን ሁሉ የሰጡት ይህን ፍርሃት ይዘው ነው። ጓደኛዬ «አይ፣ አያስቡ» ብሎ አላባበላቸውም፤ የማያውቀውን ቃል አይገባም። ያቺን ትንሽ ደብተር አስፈቅዶ ይዞ ወደ ባለቤቱ ገባ። ተመሳሳይ ስም ሲመጣ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሳይሆን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እንዲሆን አድርጎ እንደሠራው አስረዳቸው። ሥርዓቱ ያለ ጋሼ ይሠራል፤ ግን ይሳሳታል። ባለቤቱም ገባቸው። ጋሼ አሁንም እዚያው ናቸው። ለዘለቄታው ምን እንደሚሆን ግን እኔም ጓደኛዬም ዋስ መሆን አንችልም።

ሥርዓቱ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፋ። ጋሼ ከመሳቢያቸው የታተመ ባዶ ቅጽ አወጡና በእስክሪብቶ መሙላት ቀጠሉ። ቅጹን አሳትሞ የተወላቸው ጓደኛዬ ነው፤ ልክ ስክሪኑ ላይ ባለው ቅደም ተከተል። በርጩማው ላይ በተቀመጠበት ሳምንት መብራት ሁለት ጊዜ ሲሄድ አይቷል እኮ።

እኔስ? ያንን የሚያቃጥል ጽሑፍ አልጻፍኩትም። በምትኩ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ ለእናቴ ሆስፒታል መልእክቱ ያደረሰውን በጽሑፍ አስገባሁ። «እንደ ግብአት እንወስደዋለን» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲህ የማንኛውም አዲስ አሠራር ምርቃት ላይ ስጠራ አንድ ጥያቄ አለችኝ። «ይህንን ቁልፍ በየቀኑ የሚጫነው ሰው የት አለ? እሱን አገናኙኝ።» ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አይገኝም። አንድ ቦታ ላይ የሕዝብ ግንኙነቱ «ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለኝ፤ ሰውየውን ሳላገኝ አልጽፍም አልኩ፤ አልጻፍኩምም። የዚያን ወር የቤት ኪራይ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ጓደኛዬ ሲሰማ «እንኳን ወደ በርጩማው መጣህ» ብሎ ሳቀብኝ።

የእናቴ ሁለተኛ ቀጠሮ ደረሰ። መልእክቱ መጣ። ያው እንግሊዝኛ፣ ያው 9፣ ያው ሁለት ፊደላት። ግብአቱ ገና አልተወሰደም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ግን እኔ ነበርኩ። እንደ ልማዷ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ደረስን።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን ጋቢ የለበሱ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ተነሥተው ሊሄዱ ምርኩዛቸውን አነሱ።

«ወዴት ነው አባባ?» አልኳቸው።

«በማለዳ ነው የወጣነው። ለካ ቀጠሮዬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው አለኝ ይህ ልጅ። ዘመድ ቤት አረፍ ብዬ ማታ ልመለስ።»

ስልካቸውን ተቀብዬ አነበብኩት። 11 ይላል፤ ከጎኑ ሁለቱ ፊደላት።

«አይሂዱ አባባ። አምስት ሰዓት ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት አምስት ሰዓት።»

ቁጭ አሉ። «እኔ እኮ መሃይም ስለሆንኩ ነው ልጄ» አሉኝ።

እናቴ በደከመው ዓይኗ ወደ እሳቸው ዞረችና እኔን ቀድማ መለሰችላቸው። «የርስዎ ጥፋት አይደለም። ሲጽፉት አጣመው ነው።»

ከዚያ ከአግዳሚው ማዶ አንዲት ሴትዮ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ቀጥሎ ሌላ። እናቴ ስሟ እስኪጠራ ድረስ ሰዓት ሳነብ ቆየሁ።

የእናቴ ዓይን አሁን ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጀበናዋንም ከእህቴ ላይ ተቀብላለች። ይህን የምታነቡ ዲዛይነሮች፣ ዴቨሎፐሮች፣ ባለ ፕሮጀክቶች፣ እንደ እኔም የምርቃት ዜና የምትጽፉ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የሠራችሁትን ነገር በዚህ ሳምንት ለአንድ እናት ወይም ለአንድ አባት ስጡና እጃችሁን ወደኋላ አጣምራችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። ያያችሁትን ከታች በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። አነባዋለሁ።

ቸር ያሰማን።